ያልተቀቀለ መርፌ

ባለፈው ሳምንት ለአንድ የዱሮ ወዳጄ ተዝካር ማንኩሳ ሄጄ ነበር። ከፍኖተ ሰላም ሩቅ አይደለም፤ ሚኒባስ ይዤ በመስኮት እያየሁ ሄድሁ። ጊዜው የበርበሬ ነው። በየደጁ የተሰጣው በርበሬ የመንገዱን ግራና ቀኝ አቅልቶታል፤ ነፋስ ሲመጣ ሾፌሩም ተሳፋሪውም አብሮ ያስነጥሳል። ድንኳኑ ውስጥ ስገባ ሰው ሁሉ ተነሥቶ ከሽማግሌዎቹ መካከል ከፍ ያለውን ቦታ ለቀቀልኝ። ይህ ለእኔ የሚገባ ነው። በዚያ አገር ከተራ ወታደርነት ተነሥቶ፣ በራሱ ጥረት ሕክምና ተምሮ፣ በሻምበል ማዕረግ ጡረታ የወጣ ሰው ከእኔ በቀር አላውቅም።

የነቢያት ጾም ገብቶ ስለነበር ሽሮና የዱባ ወጥ ቀረበልን። መብላት እንደ ጀመርን ከጎኔ የተቀመጠ አንድ ባላገር፣ ዕድሜው ከእኔ የማይተናነስ፣ ስለ ሐኪም ማውራት ያዘ።

«ሐኪም እንኳ ሃምሳ አለቃ ዳምጤ ነበር፤ ነፍሱን ይማረው» አለ። «መርፌው ሲገባ እስከ አንጎል ይሰማል። የዛሬዎቹ የሚወጉህ እኮ ትንኝ የነካህ ያህልም አይሰማህ። ምኑን ዳንሁ ትላለህ?»

«እጁ መድኃኒት ነበር» አለ ሌላው፣ ጉርሻውን እንደጎረሰ።

እኔ የጠቀለልሁትን መልሼ ትሪው ላይ አስቀመጥሁት።

«ይብሉ እንጂ አያ አንለይ። ምነው፣ ወጡ አልተስማማዎትም?»

«ጠግቤያለሁ» አልሁ።

አልጠገብሁም። ዳምጤን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። በሰው ተዝካር ሌላ ሙት ማንሣት ነውር ስለሆነ ዝም ብዬ ወጣሁ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን፣ እኔ ሳልጽፈው ብሞት ይህ ነገር እንዲሁ እየተሞገሰ ሊኖር ነው ብዬ ብዕር አነሣሁ።

እኔ ዘመናዊ ተማሪ ቤት የሚባለውን ደጅ ረግጬ አላውቅም። ፊደልና ዳዊት ያስተማሩኝ የኔታ ናቸው፤ ከማንኩሳ ወረድ ብላ ባለች የገጠር ደብር ድጓ የሚያስተምሩ፣ ቀጭን፣ ቁጡ፣ ድምፃቸው ግን ማር የሆነ ሊቅ። እኔንም ለድጓ አስበውኝ ነበር፤ ግን አንድ ቀን ሳዜም ሰምተው «አንለይ፣ በዚህ ድምፅህ ቅዳሴ ብትገባ ምእመኑ ከቤተ ክርስቲያን ይሸሻል» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። በዚያ ዓመት መስከረም ሲጠባ ቡሬ አጠገብ ወደነበረው ጦር ሰፈር ሄጄ ተቀጠርሁ።

ማንበብ ስለምችል ወደ ሕክምና ክፍሉ መደቡኝ። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ የራሴ ሥራ ነው። የፈረንጁን ፊደል ከመድኃኒት ካርቶን ላይ አንድ በአንድ ለቅሜ አወቅሁ። በበዓል ቀን በሬ ታርዶ ጓዶቼ በሥጋው ሲሻሙ፣ እኔ ልቡንና ኩላሊቱን አንሥቼ ቧንቧው ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ እመረምር ነበር። «ይኼ ሰው ቅርጫውን እየበተነ ነው» ተብዬም ተባርሬአለሁ። ይባርሩኝ። ከሰፈሩ ሁሉ የደም ሥርን አካሄድ የሚያውቅ እኔ ብቻ ነበርሁ፤ ይህን ሳወራ ጉራ የሚመስለው ሰው ካለ፣ ጉራ ነው፤ ግን የሠራሁበት ጉራ ነው።

የሕክምና ክፍሉ ኃላፊ ይኸው ሃምሳ አለቃ ዳምጤ ነበር። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ከሰው ጋር ቶሎ የሚግባባ ሰው። ስለ እሱ ዛሬም ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ፊቱ አይደለም፤ ሱሪው ነው። የቀኝ ጭኑ ላይ ካኪው ጠቁሮ፣ ደርቆ፣ እንደ ቆዳ ሆኖ ነበር። መርፌ የሚጠርግበት ቦታ ነው። አንዱን ወግቶ ሲያበቃ መርፌውን እዚያ ላይ ጠረግ፣ ጫፉን በአውራ ጣቱ ጥፍር ፈተን፣ ከዚያ ቀጣዩን። ባላገር የሰጠውን ቅቤ በቅጠል እንደተጠቀለለ ከጥጡና ከፋሻው ጋር አንድ ሣጥን ውስጥ ያስቀምጠዋል። ቁስል ለመጠቅለል ፋሻ ስፈታ ቅቤ ቅቤ ይሸተኝ ነበር፤ የእሱን ቅቤ የበላ ሰው ምን ምን ይሸተው እንደነበር እሱ ይወቅ። ያመረቀዘ እግር በእጁ ሲዳብስ ቆይቶ፣ እጁን ሳይታጠብ ምሳው ላይ ይቀመጣል። አንድም ነገር አይቀፈውም። ጓዶቻችን ይህን እንደ ጀግንነት ያዩለት ነበር።

መርፌ መቀቀል ደንብ እንደሆነ ያውቃል። ሰፈር ውስጥ አዛዣችን ሻምበሉ ስለሚቆጣጠር ይቀቅላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ጦሩና ሕዝቡ እንዲቀራረብ ተብሎ ማንኩሳ ገበያ ወርደን ሕዝብ እንድናክም ይፈቀድልን ነበር፤ እዚያ ማንም የሚያየው የለም። ትልቁ ዋርካ ሥር ሣጥኑን ይዘረጋል፤ ሕዝቡ ዶሮውን፣ ማሩን፣ ቅቤውን ይዞ ይሰለፋል። አገሬው ክኒን አይወድም፤ ክኒን ምን ያደርጋል፣ ተውጦ ይቀራል ይላል። መርፌ ነው መድኃኒት። መርፌም የሚያም መርፌ ነው። ዳምጤ ይህን ስለሚያውቅ አዲሶቹን ስል መርፌዎች ትቶ የዶለዶሙትን ለገበያ ይመርጣል። ሕመምተኛው ጥርሱን ሲያንቀጫቅጭ ተሰላፊው «አዎ፣ ገባለት» ይላል።

እኔ ይህን ሁሉ እያየሁ ዝም የምለው ለምን እንደሆነ ልናገር። በዚያ ዓመት ከየጦር ሰፈሩ አንዳንድ ሰው ተመርጦ ለድሬሰርነት ወደ ትልቁ የጦር ሆስፒታል ኮርስ ሊላክ ነበር። ድሬሰር መሆን ማለት ቁስል ማከም፣ መርፌ መውጋት፣ ነጭ ጋዋን መልበስ፣ ከዚያም ደረጃ በደረጃ ማደግ ነው። ለእኔ የሕይወት በር ያ ነበር። የሚሄደውን ሰው ለሻምበሉ የሚያቀርበው ደግሞ ዳምጤ ነው። «የአንተን ስም ነው የማነሣው፤ ብቻ ዓይንህን ሥራህ ላይ አድርግ» ይለኛል። ዓይንህን ጨፍን ማለቱ ነበር።

ጥቅምት ነው። ዝናቡ አቁሞ ጭቃው እየጠነከረ፣ ማሳው ቢጫ እየሆነ፣ በቆሎው እሸት ሆኖ በየመንገዱ ይጠበሳል። ቆላ ወርዶ የተመለሰ ሰው ሁሉ ንዳድ ይዞት ይመጣል። ያን ቅዳሜ ዋርካው ሥር ተሰልፎ የነበረው ሕዝብ ብዙ ነበር። ከሰልፉ ፊት፣ ጭኑ ላይ ትልቅ እባጭ የወጣበት ገበሬ አለ። ዳምጤ ምንም ሳይል የያዘውን መርፌ እባጩ ላይ ሰካው። መግሉ አረንጓዴና ቢጫ ሆኖ ወጣ፤ ሽታው ከበርበሬው ገበያ ሽታ በላይ ሆነ። ዝንቡ ወረደ። ዳምጤ መርፌውን ሱሪው ላይ ጠረገ፤ በዚያው መርፌ ከጠርሙሱ መድኃኒት ቀዳ።

«ቀጣይ» አለ።

ቀጣዩ የኔታ ነበሩ። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ በንዳድ እየተንቀጠቀጡ፣ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ ቆመዋል። እኔን ሲያዩ በዓይናቸው ሰላምታ ሰጡኝ።

ያን ጊዜ ስለ ኮርሱ አላሰብሁም። ያሰብሁት ያ መግል ወደ እሳቸው ሥጋ ሲገባ ነው።

«ሃምሳ አለቃ፣ መርፌው ይቀቀል» አልሁ።

«ምን አልህ?»

«መግል ነክቷል። ይቀቀል።»

ዳምጤ አልተቆጣም። ወደ ሕዝቡ ዞሮ ሳቀ። «እናንተ ሰዎች፣ ይኼ ልጅ መርፌ ካልቀቀልሁ ይላል። እስቲ እናንተ ገበሬዎች ንገሩት፤ የተቀቀለ ባቄላ ዘርታችሁ በቅሎላችሁ ያውቃል?»

ሰዉ ሳቀ። «ጉልበቱ በውሃው ይወጣል እንጂ» አለ አንዱ። «ሥጋም ሲቀቀል ጣሙ መረቁ ውስጥ አይደል? መረቁን ልታጠጣን ነው ወይ ወታደር?» አለ ሌላው።

ከዋርካው አጠገብ ጠላ የምትሸጥ የሺወርቅ የምትባል ሴት ነበረች፤ ምላሷ የተፈራ፣ ጠላዋ የተመሰገነ። እሷም ወገቧን አሟት ተሰልፋለች።

«እስቲ ዝም በሉ፤ ሰው ተናግሮ ይጨርስ» አለች። «አንተ ልጅ፣ ለምን ይቀቀላል?»

«እትዬ የሺወርቅ፣ ጠላ ያለቀበትን ጋን ሳያጥቡ፣ ሳያጥኑ፣ አዲስ ጠላ ይጠምቁበታል?»

«ምን በወጣኝ። ሆምጥጦ ውሻ አይጠጣው።»

«መርፌው ጋኑ ነው። ጠላው ጠርሙሱ ውስጥ ያለው መድኃኒት ነው። እኔ ጋኑን ልጠብ ነው ያልሁት፤ ጠላውን ልቀቅል አላልሁም።»

ሴትዮዋ ዳምጤን አየችው፤ ከዚያ ሱሪውን አየችው። «እኔስ በዚያ ጋን አልጠምቅም» አለች። «ና፤ ምድጃዬም ማንቆርቆሪያዬም አለልህ።»

ከሣጥኑ ሌላውን ሲሪንጅና መርፌ አንሥቼ ወደ እሳቷ ሄድሁ። ከሰልፉ ሴቶቹ እየተነጠሉ ከኋላዬ መጡ፤ ጠላ ጠማቂ ሁሉ ነገሩ ገብቷታል። ወንዶቹ ግን አልተነቃነቁም። ዳምጤ በአጠገቤ ሲያልፍ፣ ፊቱ ላይ ፈገግታው እንዳለ፣ በለሆሳስ «ኮርሱን እርሳው» አለኝ።

እኔ ወደ የኔታ ተመልሼ «የኔታ፣ ወደዚህ ይምጡ። ውሃው ሊፈላ ነው፤ ጥቂት ይታገሡኝ» አልኋቸው።

«አንለይ» አሉኝ፣ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ። «ፊደል ያስቆጠርሁህ እኔ ነኝ። ዛሬ በገበያ መካከል እኔን ልታስቆጥረኝ ነው?»

«ኧረ የኔታ፣ ምን ቆርጦኝ። መርፌው ቆሽሿል ነው የምልዎ።»

«ለፈውስ የመጣ ሰው ማድ ቤት ቆሞ አይጠብቅም» ብለው ጋቢያቸውን ገለጥ አደረጉ።

ዳምጤ ወጋቸው። መርፌው ዶልዱሞ ስለነበር በመጀመሪያው አልገባም፤ ደገመው። የኔታ ከንፈራቸውን ነክሰው ቆሙ። «አዎ፤ ገባላቸው» አለ ሰልፉ።

ስንመለስ የጭነት መኪና ላይ ነበርን። ዳምጤ በዚያ እጁ የተጠበሰ በቆሎ እየፈለፈለ ይቅማል። ለእኔም ዘግኖ ሰጠኝ፤ ቂም የማይዝ ሰው መስሎ። ከመኪናው ወደ ውጭ በተንሁት።

ከማግሥቱ ጀምሮ ሥራዬ ሽንት ቤትና የቁስል ባልዲ ሆነ። የሕሙማኑን ፋሻ፣ የደረቀውን ከእርጥቡ ለይቼ፣ እያቃጠልሁ፣ ጉድጓዱን በኖራ እየሸፈንሁ እውላለሁ። ጓዶቼ ሲያልፉ አፍንጫቸውን ይዘው «ዶክተር አንለይ» ይሉኛል። ዳምጤ በኮርሱ ቦታ የአጎቱን ልጅ ለሻምበሉ ሊያቀርብ እንደሆነ ሰማሁ። እኔ ግን ያን ባልዲ እንኳ ከማንም በላይ አጸዳሁት። አጥቤ ወደ ፀሐይ ሳዘነብለው ውስጡ ፊት ያሳይ ነበር።

ኅዳር ሲገባ የሺወርቅ ከማንኩሳ ቡሬ ድረስ መጥታ በሰፈሩ በር አስጠራችኝ። አቧራ ለብሳለች።

«የኔታ ወድቀዋል» አለችኝ። «የተወጉበት ዳሌ እንደ ቅል አብጧል። ተማሪዎቹ ከሽታው የተነሣ ጎጆው ውስጥ መቀመጥ አቅቷቸው ደጅ ነው የሚያዜሙ።»

ለዳምጤ ነገርሁት። ሳይደነግጥ «በጎ ነው» አለኝ። «መድኃኒቱ ክፉውን እየሰበሰበው ነው። ሲበስል ራሱ ይፈነዳል። አንተ ወደ ባልዲህ።»

ወደ ባልዲዬ አልሄድሁም። በቀጥታ ወደ ሻምበሉ ቢሮ ሄድሁ። ተራ ወታደር አለቃውን ዘሎ ሻምበል ዘንድ መግባት በዚያ ዘመን የሚያሳስር ነገር ነው። ሻምበሉ ንግግሩ ጥቂት፣ ጫማው ሁልጊዜ የሚያበራ ሰው ነበር። ሁሉንም ነገርሁት፤ ሱሪውን ሳይቀር።

«አለቃህን ዘልለህ ነው የመጣህ?» አለኝ።

«ዘልዬ ነው ጌታዬ። ዛሬ ካልሄድሁ ነገ የምሄደው ለቀብር ነው።»

«ሄደህ ቢሞቱስ?»

«ያስሩኝ።»

ብዙ ካየኝ በኋላ «የሚያስፈልግህን ያዝ» አለኝ። «እስሩንም ሌላውንም ስትመለስ እናያለን።»

ከየሺወርቅ ጋር ከመንገድ ወርደን በኑጉ ማሳ መካከል ሄድን። ማሳው ቢጫ ነው፤ ንቡ ይጮኻል፤ አገሩ ያምራል። የየኔታ ጎጆ ከመድረሳችን በፊት ግን ሽታው ተቀበለን። በሕይወቴ ብዙ አሸትቻለሁ፤ ጦር ሜዳም ላይ አሸትቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ግን አላስታውስም። ጣፋጭ ነበር፤ ክፋቱም እሱ ነው። የኔታ በሆዳቸው ተኝተው ፊታቸው አፈር መስሏል። ቆዳው ተወጥሮ ያበራል፤ መሐሉ ጠቁሯል።

ምላጩን፣ መቆንጠጫውን፣ ያለኝን ብረት ሁሉ በየሺወርቅ ማንቆርቆሪያ ቀቀልሁ። እጄን በሳሙና እስከ ክርኔ አጠብሁ፤ ደገምሁ። የደም ሥሩ በየት እንደሚያልፍ ከበሬ ተምሬዋለሁ ብያለሁ፤ እሱን ሽሽቼ ቀደድሁ። የኔታ አንድ ጊዜ «አቤቱ» አሉ። የወጣው ገበታውን ሞላ። ተማሪዎቹ ሸሹ። የሺወርቅ ፊቷን አዙራ ገበታውን ግን ይዛልኝ ቆመች። እኔ ውስጡን አጥቤ፣ ፋሻ ወትፌ፣ ሸፍኜ፣ መልካም እስትንፋስ ሲተነፍሱ አይቼ ወጣሁ። ከዚያ ከግራሩ ጀርባ ሄጄ እስኪጨልምብኝ አስመለሰኝ። ታጠብሁና ተመለስሁ።

እየተመላለስሁ ቁስሉን ጠረግሁላቸው። ቀስ በቀስ ከታች ወደ ላይ ሞላ፤ ገጠመ። አንድ እግራቸውን እየጎተቱ ቢሆንም ቆሙ። እስከ ዕለተ ሞታቸው ሲያነክሱ ኖሩ።

የቆሙ ዕለት እሑድ ነበር፤ ቅዳሴ እንዳለቀ ምእመኑ ግቢው ውስጥ ቆሟል። እኔም አለሁ። ዳምጤም ወሬውን ሰምቶ፣ ሱሪውን ለውጦ መጥቷል። የኔታ በመቋሚያቸው ተደግፈው ሁለታችንንም ወደ ፊት ጠሩን። አሁን ይናገሩታል ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

«ዳምጤ በመርፌው» አሉ፣ በዚያ ማር በሆነ ድምፅ፣ «በሰውነቴ ተበትኖ የነበረውን ክፉ ለቅሞ አንድ ቦታ ሰበሰበልኝ። አንለይ ደግሞ በር ከፈተለት፤ ወጣ። ሁለቱንም እግዚአብሔር ይባርካቸው።»

«አሜን» አለ ሕዝቡ።

ዳምጤ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ። እኔ የቆምሁበት ቀረሁ። ሰው ሲበተን ተጠግቼ «የኔታ፣ ክፉውን ያስገባው እኮ እሱ ነው» አልሁ።

«በምርቃት ላይ ክርክር አይጨመርም፣ አንለይ» አሉኝና እግራቸውን እየጎተቱ ሄዱ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ የዳምጤ ሰልፍ ዋርካውን ዞረ። የሚያም ብቻ ሳይሆን የሚያመግል መርፌ ፈላጊ በዛ። አሁን መግል ሲወጣ «ክፉው ወጣ» ይባላል። ይህን የፈጠረው እሱ ነው፤ የመሰከሩለት ደግሞ እኔ ከሞት ያወጣኋቸው ሊቅ ናቸው። ብዙ መግል አይቻለሁ፤ እንደዚያ ምርቃት ያቅለሸለሸኝ የለም።

ሻምበሉ አስጠራኝ። «ሞቱ?» አለኝ።

«ይራመዳሉ ጌታዬ።»

«እጅህን አሳየኝ።» ጥፍሬን አንድ በአንድ አየ። መዳፌ በሳሙና ብዛት ተሰነጣጥቆ ነበር። «ኮርስ የምትሄደው አንተ ነህ» አለኝ። ሌላ አልጨመረም። ለዳምጤ ምን እንዳለው አላውቅም፤ ቅዳሜ ገበያውን ግን አልከለከለውም። ሕዝቡ ወዶታል፤ ጦሩ ደግሞ የሕዝብ ፍቅር ይፈልጋል። ዳምጤ ጡረታ እስኪወጣ እዚያው ዋርካ ሥር ወጋ።

እኔ ድሬሰር ሆንሁ፤ ከዚያ ጤና ረዳት፤ ከዚያ መኮንን። ድንኳን ውስጥ፣ ዋሻ ውስጥ፣ የሚንቀሳቀስ መኪና ላይ ሰው አክሜአለሁ። ከእጄ ያለፈው ወታደር ብዙ ነው፤ በእኔ መርፌ ያመገለ ግን አንድ አላውቅም። ይህን ስናገር ድምፄን ዝቅ አላደርግም።

አሁን በጡረታዬ ወጣት ነርሶች አንዳንድ ጊዜ ቤቴ እየመጡ ያጫውቱኛል። አንዳንዶቹ በጦሩ ውስጥ ሊሠሩ የሚያስቡ ናቸው። ሁሉም የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ ያን ሁሉ ሽታ፣ ያን ሁሉ መግል እንዴት ለመዱት አባባ ይሉኛል። መልሱን ሲሰሙ ቅር ይላቸዋል፤ የጀግና ወሬ ጠብቀው ይሆናል። ያን ሁሉ የለመደ አንድ ሰው አውቃለሁ፤ ሰዎች ዛሬም በየተዝካሩ ነፍሱን ይማር ይሉታል። እኔ ግን አልለመድሁትም። አንድ ቀንም አልለመድሁትም።